እኔ ያላዘዝኩት ትእዛዝ
«ሐኪም ስለ ድረ ገጽ ምን አገባት?» እንዳትሉኝ፤ የክሊኒኬን የቀጠሮ ገጽ የማስተዳድረው እኔው ነኝ።

ዎርድፕረስ ውስጥ በአስተዳዳሪነት ገብቼ ሳልወጣ የተላከልኝን ሊንክ ብነካ፣ የሚከፈተው ገጽ በስሜ ትእዛዝ ሊልክ ይችላል፤ ብሮውዘሩ ኩኪዬን አያይዞ ያደርስለታል። የይለፍ ቃሌን እኮ ማንም አልሰረቀም! ፕለጊኑ «እውነት እሷ ናት ያዘዘችው?» ብሎ ካላጣራ፣ የታካሚዎቼ ቀጠሮ የሚደርስበት ኢሜይል በዚያው ይቀየራል።

መከላከያው ኖንስ ይባላል፤ ለእኔና ለዚያች ሥራ ብቻ የተቆረጠ፣ ዎርድፕረስ ላይ ቢበዛ 24 ሰዓት የሚያገለግል ምልክት ነው። ሥልጣንን ግን አይተካም፤ ፕለጊኑ እሱንም ለብቻው መመርመር አለበት።

ኮድ የማንጽፈው እኛስ? ፕለጊን እናድስ፣ የማንጠቀምበትን እናጥፋ፣ ስንጨርስ ከገጹ እንውጣ። የማኅበራችንን ገጽ የሚይዘው ወንድማችን እዚህ አለ፤ ከምሳ በፊት ስንት ፕለጊን እንዳለን ይንገረን።