የአማተር ወርቅ ለፕሮፌሽናል ቀበቶ ዋስትና ነው?

እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ፣ በዚያው ኦሊምፒክ የ18 ዓመቱ ካሲየስ ክሌይ በቡጢ ወርቅ አጠለቀ። በኋላ ዓለም መሐመድ አሊ ብሎ ያወቀው እሱን ነው።

ታዲያ የአማተር ድል ለፕሮፌሽናል ታላቅነት ዋስትና ይሆናል? አይሆንም። እንግሊዛዊው ኦድሊ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቅ ቢያገኝም፣ የዓለም ሻምፒዮን ሳይሆን ጓንቱን ሰቀለ። የሁለት ኦሊምፒክ ባለወርቁ ዩክሬናዊ ቫሲል ሎማቼንኮ በሁለተኛው የፕሮፌሽናል ፍልሚያው በኦርላንዶ ሳሊዶ ተረታ፤ እርግጥ በሦስተኛው ቀበቶ አገኘ። ፊሊፒናዊው ማኒ ፓኪያኦ ደግሞ በኦሊምፒክ ሳይፋለም በስምንት የክብደት ምድቦች ነግሧል።

ዋናው ልዩነት ርዝመቱ ላይ ነው። የአማተር ፍልሚያ በሦስት ዙር፣ በ9 ደቂቃ ያበቃል፤ ፈጣን እጅ ይበቃዋል። የወንዶች የፕሮፌሽናል ሻምፒዮና ግን 12 ዙር ነው። በሁለተኛው ዙር ጎድን ላይ ያረፈች ቡጢ፣ በዘጠነኛው እግር ታስራለች።

ከጅማ እስከ አጋሮ ያለ አድማጭ የመጀመሪያ ድል ለረጅም ጉዞ ዋስትና እንዳልሆነ ከእግር ኳስ ያውቀዋል። የጅማው ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ እንዳደገ፣ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። በ2014 ዓ.ም. ወረደ።