የጎል ዕዳ አንድ ባንድ ይከፈላል

(ባለፈው ሳምንት በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ የደንቢያን ሜዳ የያዘ መንገደኛ ጣና ሐይቅ ሳይደርስ ኮላ ድባን ያገኛል። መኸር ተሰብስቦ ሜዳው ሲደርቅ ልጆች ከጨርቅ የተሠራ ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ድንጋይ በድንጋይ ፊት አስቀምጠው ጎል ይሠራሉ። ዳኛ የላቸውም፤ ሰዓታቸውም ፀሐይ ናት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፥ የእናቶችም ጥሪ ሲበዛ፥ ከሁለቱ ወገን አንዱ «የመጨረሻውን ያገባ አሸነፈ!» ብሎ ይጮኻል። ይህን የሚለው ዘወትር ሲመራ የቆየው ወገን አይደለም፤ ሲሸነፍ የዋለው ነው።

ይህ የልጆች ሕግ በኮላ ድባ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም፥ በደሴም፥ በጅማም የሚሠራበት ነው። ከእናንተም መካከል በልጅነቱ በዚህ ሕግ ያልተጠቀመ ጥቂት ይሆናል። ያለፈውን በደል ሁሉ በአንድ ጎል የሚሠርዝ ስለ ሆነ ለተሸነፈ ሰው እጅግ ደግ ሕግ ነው። እውነተኛው የእግር ኳስ ጨዋታ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት አያውቅም። ሁለት ጎል የገባበት ቡድን ሁለቱን ከፍሎ ሦስተኛውን መጨመር አለበት። ዛሬ የምነግራችሁ ተመርተው ስላሸነፉ ቡድኖች ነው፤ የንግግሬም ፍሬ ነገር የጎል ዕዳ በአንድ ጊዜ እንደማይሠረዝ፥ አንድ ባንድ እንደሚከፈል ማስረዳት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በገዛ አገራችን፥ በገዛ ሜዳችን የተፈጸመው ነው። ቀኑ እሑድ፥ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበረ። የጥምቀት በዓል ካለፈ ገና ሁለተኛው ቀን ነው። በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዮም ኢትዮጵያና ግብጽ ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተሰለፉ። ግብጽ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር፤ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደች እርሷ ናት።

የዚያን ቀን ነገር በትክክል ለመመዘን ግን አምስት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ ከእርሷ ጋር ልትገጥም የነበረችው ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎል ያገባ ድያብ አል ዐጣር የተባለ አንድ ተጫዋች ነው። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ውድድር እንደገና ተገናኘን፤ ውጤቱም እንደገና 4 ለ 0 ሆነ። በሁለቱ የዋንጫ ግጥሚያዎች ስምንት ጎል ገብቶብን እኛ አንድም አላገባንም ማለት ነው። እንግዲህ ተጫዋቾቻችን በ1954 ዓ.ም. ወደ ሜዳ ሲገቡ ዕዳው የጀመረው ከዚያ ቀን አልነበረም።

በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፈን ነበርና ሕዝቡ ተስፋ አድርጎ መጣ። ነገር ግን በ35ኛው ደቂቃ የግብጹ በደዊ የመጀመሪያውን ጎል አገባ። የዕረፍት ሰዓት አለፈ፤ የሁለተኛው አጋማሽም እኩሌታ አለፈ፤ ጎሉ አልተከፈለም። በ74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ አገባችና 1 ለ 1 ሆነ። ጭብጨባው ሳይበርድ፥ ገና በ75ኛው ደቂቃ፥ ያው በደዊ ሁለተኛውን ጎል አስቆጠረ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቁም። 39 ደቂቃ ሙሉ የተለፋበት ዕዳ ተከፍሎ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲመለስ ምን ይሰማሃል? የመጀመሪያው ጎል የሚጎዳው ውጤትን ነው፤ እንዲህ ያለው ሁለተኛ ጎል ግን የሚጎዳው ልብን ነው። ብዙ ቡድን የሚሸነፈው በዚህች ሰዓት ነው። አንዱ በረኛውን ይወቅሳል፤ አንዱ ዳኛውን ይከሳል፤ ሌላው ብቻውን ሊያሸንፍ ኳሱን ይዞ ይሮጣል። በዚያን ቀን ግን እንዲህ አልሆነም። በ84ኛው ደቂቃ፥ መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀር፥ በአስመራ የተወለደው የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት የአምበሉ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ፤ ኢትዮጵያም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መራች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። 4 ለ 2 ተፈጸመ። ሉቻኖም ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ቡድኑን ያዘጋጁት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኚህ ሰው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በካርቱምም በካይሮም የሆነውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና፥ ስምንቱን ጎል በአንድ ተአምር እመልሳለሁ የሚል ቡድን አላሰለፉም። ውጤቱን ተራ በተራ ቍጠሩት፤ 1 ለ 1፥ 2 ለ 2፥ 3 ለ 2፥ 4 ለ 2። አንዲት ደረጃ እንኳ አልተዘለለችም።

የሌሎችም አገሮች ታሪክ ከዚህ አይለይም። በ1946 ዓ.ም. በስዊስ አገር በበርን ከተማ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ምዕራብ ጀርመን ከሀንጋሪ ጋር ተጋጠመች። ሀንጋሪ ከአራት ዓመት ወዲህ ያልተሸነፈች፥ በዚያው ውድድር ቀደም ብላ ጀርመንን 8 ለ 3 የረታች ነበረች። ጨዋታው በተጀመረ በ8 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጎል አገባች። ጀርመኖች ግን በ10ኛው ደቂቃ አንዱን፥ በ18ኛው ሁለተኛውን ከፈሉ፤ ከዚያ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ታግሠው በ84ኛው ደቂቃ የአሸናፊነቱን ጎል አገቡ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ሰሜን ኮርያ ፖርቱጋልን ገና በ25ኛው ደቂቃ 3 ለ 0 መራች። ሞዛምቢክ የተወለደው አውሴብዮ ግን አራት ጎል በተከታታይ አገባ፤ ፖርቱጋልም 5 ለ 3 አሸነፈች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በቅርቡ ዘመን ከሁሉ የሚታወሰው የሱዳኑ ግጥሚያ ነው። በ2004 ዓ.ም. ማለቂያ በኦምዱርማን ሱዳን 5 ለ 3 አሸነፈችን። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ በመልሱ ጨዋታ ሁለት ማግባት፥ አንድም እንዳይገባባት መጠበቅ ነበረባት። ይህ ሁኔታ ለችኩል ቡድን ወጥመድ ነው፤ ሁሉም ለማጥቃት ወደ ፊት ቢሮጥ ኋላው ባዶ ይቀራልና። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ግን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፥ ከሜዳ ውጭ የተቈጠረ ጎል ይበልጣል በሚለው የጊዜው ደንብ አለፈ።

የሚያስደንቀው ደግሞ በውድድሩ የመጀመሪያው ጨዋታችን የዋለበት ቀን ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበረ፤ ከአዲስ አበባው ድል ልክ 51 ዓመት። ቦታውም ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ያች በ1949 ዓ.ም. ቡድኗን አላቀላቅልም ያለችው አገር ከዘረኝነት ተላቅቃ አስተናጋጃችን ሆነች። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ፥ በዐሥር ሰው ቀርተን፥ 1 ለ 0 ስንመራ አዳነ ግርማ አገባና ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፥ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመልሰናል። ዕዳ ለመክፈል የተነሣ ሁሉ ከፍሎ አይጨርስም፤ ያልጀመረ ግን ፈጽሞ አይከፍልም።

ጎንደሬዎችም የራሳቸው ምስክር አላቸው። ፋሲል ከነማ በ2011 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫ በውድድሩ የመጨረሻ ቀን አመለጠው። በ2012 ዓ.ም. ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተቋረጠ፤ አሸናፊም ሳይኖረው ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ግን ፋሲል በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ባለ ድል ሆነ። አንዱ ዓመት በሐዘን፥ አንዱ በመጠበቅ ካለፈ በኋላ ሦስተኛው የድል ዓመት ሆነ ማለት ነው።

ይህን ትዕግሥት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ግን ተጫዋች አይደለም፤ የደንቢያ ገበሬ ነው። የኮላ ድባ ዙሪያ ሜዳ ጥቁር አፈር ነውና በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ብዙው ማሳ በሐምሌና በነሐሴ ለእርሻ አይመችም። ገበሬው ዓመቱ አለፈ ብሎ እጁን አያጣጥፍም። ዝናቡ ሲያባራ፥ ውሃውም ሲሸሽ፥ አፈሩ ባዘለው እርጥበት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ክረምቱ የከለከለውን በበጋ መግቢያ ያስመልሳል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አብዛኞቻችሁ የምትውሉት በሜዳ ሳይሆን በጠረጴዛ ፊት ነው። በጠረጴዛውም ላይ የተከማቸ መዝገብ አለ። አንዳንዱ ከእናንተ በፊት ከነበረው ሰው የተረከባችሁት ነው፤ ካርቱምና ካይሮ ለ1954ቱ ተጫዋቾች እንደ ሆኑ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በልጆች ሕግ መጽናናት ይፈልጋል። አዲስ ሹም ሲመጣ ነገሩ ይስተካከላል፥ አዲስ በጀት ሲለቀቅ እንጀምራለን፥ አዲስ ደንብ ሲወጣ የቀድሞው ይሠረዛል ይላል። ይህ «የመጨረሻውን ያገባ አሸነፈ» ከማለት አይለይም። ሹሙም ይመጣል፥ በጀቱም ይለቀቃል፤ መዝገቡ ግን ከነቍጥሩ በቦታው ይገኛል።

በእያንዳንዱም መዝገብ ውስጥ አንድ ሰው አለ። ለአንድ ማኅተም ከገጠር ወጥቶ፥ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፥ በማያውቀው ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ያደረ ሰው ነው። «ነገ ተመለስ» በተባለ ቍጥር በእርሱ ላይ አንድ ጎል ይገባል። የአርባ መዝገብ ዕዳ ያለበት ጸሐፊ አርባውን ዛሬ ሊጨርስ አይችልም፤ አንዱን ግን ይችላል። አርባው ስለሚያስፈራው አንዱን የሚተው ከሆነ፥ ነገ አርባ አንድ ይሆንበታል። አንዱን ጨርሶ ሌላ ቢጨመርበት ደግሞ የ75ኛውን ደቂቃ ያስታውስ፤ ያን ጊዜ ሉቻኖና ባልንጀሮቹ ኳሱን መሐል ላይ አድርገው እንደገና ከመጀመር በቀር ሌላ ዘዴ አልነበራቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ ወደ አገራችን አልተመለሰም። ይህም ራሱ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው፤ እርሱም በጭብጨባ ወይም በትዝታ አይከፈልም። በሜዳ ያሉት የበኩላቸውን ያድርጉ። እኛ ደግሞ ነገ ጧት ቢሮ ስንገባ ከክምሩ በታች፥ ረጅም ጊዜ የቆየውን አንዱን መዝገብ መዝዘን ባለቤቱን እንጥራ።

በደኅና ያገናኘን።