አራት ቀለም ለአንድ ሰፈር

የተሰጠኝ ርእስ «የከተማ ሰፈርን ደጅ ተቀምጦ መሳል» ነው። እኔ ለብዙ ዓመት የደከምኩበት ግን የርእሱ አንድ ጥግ፣ የቀለም ጥቂትነት ነውና ከእሱ ልጀምር።

ስዊድናዊው ሰዓሊ አንደርስ ዞርን እ.ኤ.አ. በ1896 በሳለው የራሱ ምስል ላይ በእጁ የያዘው የቀለም ገበታ አራት ቀለም ብቻ አለው፤ ነጭ፣ የአፈር ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር። ሰማያዊ የለበትም። ታዲያ ሰማይ በምን ይሳላል? በጥቁሩ! ጥቁርን በነጭ አፍክታችሁ ከቀይና ከቢጫ አጠገብ ስታኖሩት፣ ዐይን ሰማያዊ አድርጎ ያየዋል።

አንድ ጊዜ እዚሁ ደብረ ታቦር ስስል አንዲት እናት ከኋላዬ ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ ሰማያዊው የትኛው ነው?» አሉኝ። ጥቁሩን ቱቦ አሳየኋቸው። «ይኼማ ጥላሸት ነው!» አሉ። ከነጩ ጋር ለውሼ ከቀዩ ግድግዳ በላይ ስቀባው ግን ዝም ብለው ቆዩና «እውነትም ሰማይ» ብለው ሄዱ። ጥላሸት ማለታቸው ደግሞ ልክ ነው፤ የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለማቸውን የሚያበጁት ከጥላሸት ነው። በጥቁርና በቀይ ብቻ ስንት መጽሐፍ ጽፈዋል!

ወጣቶች፣ ይህችን አስተውሉልኝ። ከተማችን ከዚህ ገበታ ጋር ትስማማለች። የጭቃው ቤት ልስን ቀይና ቢጫ ነው። የዛገ ቆርቆሮ ከቀይና ከጥቁር ይገኛል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ስለሆነ ቢጫና ጥቁር ሲደባለቁ ራሱ ይወጣል፤ ከሱቅ የተገዛው አረንጓዴ ግን ዛፉን ፕላስቲክ ያስመስለዋል። ጥቂት ቀለም ስትይዙ ሁሉም ከአንድ ቤት ስለሚወጣ በሥዕሉ ላይ ቀለማቱ አይጣሉም፤ ዐይናችሁም ከቀለም ስም ይልቅ ብርሃንና ጥላን ይለያል።

ይህ ገበታ ገደብም አለው። መስከረም ላይ በገሳይ በኩል ወደ ጉና ተራራ ስትመለከቱ ለሚታየው የጠራ ሰማይና ለአደይ አበባ አራቱ አይበቁም። ያኔ ሰማያዊና ደማቅ ቢጫ ጨምሩ፤ ነውር የለውም።

ሰዓቱ ስለ ሄደ የተሰጠኝን ርእስ በአጭሩ ልበለው። የቀትር ፀሐይ ጥላውን ታሳጥራለች፤ ከተማችን ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለችም ብርሃኑ በርትቶ ቀለሙን ያነጣዋል፤ ጠዋት ወይም ከዐሥር ሰዓት በኋላ ውጡ። ሥዕሉን ጥላው ሳይዞር በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሱ፤ ካልሆነ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ሸራችሁን ፀሐይ አይምታው። ሰው ከመሳላችሁ በፊት አስፈቅዱ።

መምህራን ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የጭቃው ቤት በብሎኬት እየተተካ ነው። ተማሪዎቻችሁን ከክፍል አውጡና ቤቶቹ ሳይፈርሱ በሥዕል ያስቀሩልን።