ስለ ጦር መሣሪያ መብትና ስለ ግለሰብ ነፃነት

(በማኅበሩ አባሎች ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ነገር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከፉከራ ወይም ከፍርሃት ነው። አንደኛው ወገን ዐድዋንና የአርበኝነትን ዘመን ጠቅሶ ጠመንጃ የነፃነት ዋስ መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሽፍትነትን፣ የደም መመላለስንና የእርስ በርስ ጦርነትን ቈጥሮ ጠመንጃ የጥፋት ሁሉ መነሻ መሆኑን ያስረዳል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ታሪክ በእርግጥ የተፈጸመ ነው። ይሁን እንጂ ፉከራ ሕግ አውጪውን አያሳምንም፤ ጠመንጃ የሌለውን ጎረቤት ደግሞ ይበልጥ ያስፈራዋል። ስለዚህ የጦር መሣሪያ መብት ይከበር የሚል ሰው ሦስት ጥያቄዎችን በተግባር መመለስ ይኖርበታል። ይኸውም፦ አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? መሣሪያ የሚፈቀደው ለማን ነው? ለተተኮሰችው ጥይትስ የሚጠየቀው ማን ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ቢሮ ይልቅ በጾሬ ሆነው ቢጠየቁ ትርጉማቸው ይጠራል። ጾሬ ከአሶሳ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ አካባቢ ሲሆን፣ አሶሳ ራሷ ከዋና ከተማው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በዚያ ዙሪያ ማሽላ የሚያመርትና በበጋ ወርቅ የሚያጥብ የበርታ ገበሬ፣ ክረምት ሲገባና መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ ሌሊት ቤቱ ቢደፈር ፖሊስ የሚደርስለት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ማለት ፖሊስን መንቀፍ አይደለም፤ የርቀትንና የሰዓትን ሒሳብ መሥራት ብቻ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መስመር የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሒሳብ ለመረዳት አይቸገርም። በአንድ ቤት ውስጥ ሽቦ ቢጋጭ መጀመሪያ የሚቃጠለው በዚያው ቤት ያለው ፊውዝ ነው እንጂ ከሩቅ ያለው ማከፋፈያ ጣቢያ እስኪያቋርጠው ድረስ አይጠበቅም። ጣቢያው አስፈላጊ መሆኑ ፊውዙን አላስፈላጊ አያደርገውም። በሌላ በኩል ደግሞ መጠኑ ያልታወቀ ፊውዝ፣ ወይም በፊውዝ ፈንታ የተጠመዘዘ ሽቦ፣ ቤቱን ራሱን እንደሚያቃጥል የታወቀ ነው። የመሣሪያ መብት ክርክርም ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ማለት መቻል አለበት።

የአገሪቱ ሕግ በመሠረቱ ይህን አሳብ አይቃወምም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 የሕይወትን መብት፣ በአንቀጽ 16 ደግሞ የአካል ደኅንነትን መብት ለእያንዳንዱ ሰው ይሰጣል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ያውቃል። አንድ ሰው ከሕግ ውጭ የተቃጣበትን ወይም በሌላ ሰው ላይ የተቃጣውን አደጋ፣ ሌላ ማምለጫ ከሌለ፣ ከአደጋው ጋር በተመጣጠነ ኀይል ቢከላከል አይቀጣም። ሕገ መንግሥቱ ስለ ጠመንጃ በስም አላነሣም። ነገር ግን የመከላከልን መብት ሰጥቶ የመከላከያውን መንገድ ሁሉ መዝጋት፣ ለሰው የጉድጓድ ውኃ ፈቅዶ ገመዱን እንደ መከልከል ይቈጠራል።

መንግሥትም ራሱ ይህን በተግባር ያመነበት ጊዜ አለ። በ2013 ዓ.ም. በዚያው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ ታጣቂዎች በነዋሪዎች ላይ ተደጋጋሚ ጥቃት አደረሱ። ታኅሣሥ 14 ቀን በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ብቻ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናት የአካባቢው ነዋሪ ሠልጥኖና ታጥቆ በሚሊሺያነት ራሱን እንዲከላከል መወሰኑን በይፋ ተናገሩ። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያስፈልግም። ከሩቅ የሚላክ ኀይል በሰዓቱ ሊደርስ እንደማይችል የመሰከረው ኀይሉን የሚልከው አካል ነውና።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል። መሣሪያ የሚፈቀደው ለማን ነው? በጾሬ ይህ ጥያቄ የቈየ ሕመም አለበት። ቤኒሻንጉል በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን ዘመቻ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ የአካባቢው ሼኾች፣ ከእነርሱም ይልቅ የአሶሳው ሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰን፣ ወርቅ እየገበሩ ሥልጣናቸውን አጸኑ። ጠመንጃ በሼኾቹና በሎሌዎቻቸው እጅ ነበር። ጠመንጃ ያልነበረው የበርታ፣ የማኦና የኮሞ ገበሬ ግን ከቤተ ሰቡ ጋር እየታደነ ለባርነት ተሸጠ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ስለ ባርነትና ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ በአንድነት ቃል እንድትገባ መደረጉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ የወጣውም በ1934 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ በጾሬ ለሚኖር ሰው «ጠመንጃ የነፃነት ዋስ ነው» ተብሎ ቢነገረው፣ የማን ነፃነት ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። በአያቶቹ ዘመን ጠመንጃው ነበረ፤ ያልነበረው ነገር እኩልነት ነው። የዚያ ዘመን ጥፋት መሣሪያ በመንደሩ መገኘቱ ብቻ አይደለም፤ ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው መከልከሉ ነው። ይህን የማይመልስ ክርክር፣ በሌላ አገር ምንም ቢያምር፣ በዚያ ምድር ሰሚ አያገኝም።

የዓለም ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በአሜሪካ የሲቪል ጦርነት አብቅቶ ባሮች ነፃ በወጡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1865 የሚሲሲፒ ክፍለ አገር ሕግ አውጥቶ፣ ነፃ የወጣ ጥቁር ከወረዳው ቦርድ ፈቃድ ካላገኘ መሣሪያ እንዳይዝ ከለከለ። ሕጉ መሣሪያን ፈጽሞ አልከለከለም፤ ፈቃድ ብቻ ጠየቀ። ነገር ግን ፈቃዱን የሚሰጡት የቀድሞዎቹ ጌቶች ወገኖች ነበሩ። ፈቃድ ማለት የሹም በጎ ፈቃድ ማለት ሲሆን፣ መብቱ በወረቀት ላይ ቢጻፍም ከሹሙ ጠረጴዛ አያልፍም።

ተመሳሳይ ነገር በኢትዮጵያ ከተሞች በ1969 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት በተደረገው አሰሳ ቤት ለቤት እየተዞረ የግል መሣሪያ ሲሰበሰብ፣ በዚያው ጊዜ የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ታጠቁ። በውጤቱ በአገሪቱ ያለው ጠመንጃ አልቀነሰም። ጠመንጃው ከግለሰብ እጅ ወጥቶ ለሥልጣን ታማኝ ወደ ሆነው ቡድን እጅ ገባ። ከዚያም በኋላ በቀይ ሽብር የሆነው ለማንም የተሰወረ አይደለም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። የጦር መሣሪያ መብት ሊከበር የሚችለው የግለሰብ መብት ሲሆን ብቻ ነው። መሣሪያ በወገን ሲታደል፣ በዘር ቢሆን በፓርቲ፣ በሼኽ ቢሆን በቀበሌ፣ ላልታደለው ሥጋት ይሆናል፤ እርሱም በተራው መሣሪያ ፍለጋ ይወጣል። በመተከል የተወሰደው ርምጃ የአስቸኳይ ጊዜ መፍትሔ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሚሊሺያ በዝርዝር የሚታጠቅና በዝርዝር ትጥቅ የሚፈታ በመሆኑ የግለሰብን መብት ሊተካ አይችልም። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሰው የማን ሕይወት እንደሚጠበቅ የሚወስን ይሆናልና።

ሦስተኛው ጥያቄ የተጠያቂነት ነው። በዚህ ረገድ መነሻ የሚሆነው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁ መሣሪያ መያዝን ፈጽሞ ሳይከለክል በፈቃድና በምዝገባ ላይ አቆመው፤ ተቈጣጣሪነቱንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጠ። ለመብቱ የሚከራከር ሰው ምዝገባን መጥላት የለበትም። የተመዘገበ ጠመንጃ ባለቤቱ ይታወቃል፤ ባለቤቱ የታወቀ ጠመንጃ የማንም ጎሣ ጠመንጃ አይደለም። ከአንድ መንደር ጥይት ቢተኮስ የሚጠየቀው ተኳሹ እንጂ መንደሩ አይሆንም። ይህም ራሱ ከበቀል የሚያድን ነገር ነው።

ነገር ግን ፈቃዱ መብት ሆኖ እንዲቈይ ጥቂት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል። መመዘኛው ለሁሉም አንድ፣ አስቀድሞም የተነገረ መሆን አለበት። ዕድሜ፣ ጤና፣ የወንጀል ሪከርድና የአያያዝ ሥልጠና ይጠየቁ፤ ትውልድ፣ ሃይማኖትና የፖለቲካ አሳብ አይጠየቁ። ፈቃድ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ለፍርድ ቤትም ይግባኝ ማለት ይቻለው። ማመልከቻውም በአሶሳ የሚታይ እንጂ ገበሬውን አዲስ አበባ ድረስ የሚያንከራትት አይሁን። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በሄለር ጉዳይ መሣሪያ የመያዝ መብት የግለሰብ መሆኑን ሲያውጅ፣ መብቱ ገደብ የሌለው አለመሆኑን አብሮ ተናግሯል። ስዊስም ዜጎቿ የውትድርና ጠመንጃቸውን በቤታቸው የሚያኖሩባት አገር ስትሆን፣ ፈቃድንና ሥልጠናን አልናቀችም።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ክርክርም በቅን ልብ ሊሰማ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ጠመንጃ በቤት ካለ ጠብ ወደ ግድያ ይቀየራል፤ ሕፃንም ይነካዋል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። መልሱም ጠመንጃን በቁልፍ ማኖርን፣ በስካር መያዝንና በሠርግና በለቅሶ መተኰስን አጥብቆ መቅጣት ነው። በአንድ ሰው ጥፋት ያላጠፋውን ሁሉ ትጥቅ ማስፈታት ግን የግለሰብ ኀላፊነት ከሚባለው ነገር ጋር አይስማማም።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይጠነክራል። ጠመንጃ መንግሥትን ሊተካ ይችላልን? አይችልም። በጾሬ ራሷ ለዚህ ሕያው ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሱዳን ብሉ ናይል ክፍለ አገር ጦርነት ከተነሣ በኋላ ድንበር የተሻገሩ ስደተኞች፣ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በጾሬ በተቋቋመው መጠለያ ሰፍረዋል። ከሸሹበት አገር ጠመንጃ ሳይጠፋ፣ ሰላም ግን ጠፍቷል። በ1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አርበኛም ከአውሮፕላንና ከመርዝ ጋዝ ፊት የቆመው በጠመንጃ ነበር፤ ጠመንጃው ክብሩን አስጠበቀለት እንጂ ጋዙን አልመለሰለትም። ስለዚህ የመሣሪያ መብት የሚገባው ሌሊት በር ላይ ለሚደርስ አደጋ ነው። ከዚያ በላይ ላለው አደጋ ሁሉ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ መንገድና ስልክ ያስፈልጋሉ። ለጠመንጃ ከዚህ አልፎ ተስፋ የሚሰጥ ተከራካሪ የራሱን ክርክር ያዳክማል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ለዚህ መብት የሚከራከር ሰው ሊያሳምን የሚገባው ጠመንጃ የሚወደውን ወዳጁን አይደለም። ሊያሳምነው የሚገባው፣ አያቱ በጠመንጃ አፈ ሙዝ ወደ ገበያ የተነዳበትን፣ ዛሬም ጠመንጃ የሌለውን የጾሬ ገበሬ ነው። ለዚያ ሰው የሚነገረው ቃል አጭር ነው፦ ጎረቤትህ በሚያገኝበት መመዘኛ አንተም ታገኛለህ፤ አንተ በምትጠየቅበት ሕግ ጎረቤትህም ይጠየቃል። ይህ ቃል በሕግ ተጽፎ በአሶሳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ሲፈጸም ያን ጊዜ የመሣሪያ መብት የነፃነት ክፍል ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን ጠመንጃ፣ በማንም እጅ ቢሆን፣ የያዘው ሰው ጥቅም ብቻ ሆኖ ይቀራል።