አሥራ ሰባት ወይስ አሥራ ስምንት? ስለ ስፖርት አውቶሞቢል ቸርኬ አመራረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ወደ ጋራዥ ገብቶ «ቸርኬዬን በትልቅ ለውጡልኝ» የሚል ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ቆርጦ የመጣ ነው። የሌላውን ሰው መኪና አይቷል፤ መልኩን ወዶታል፤ ገንዘቡንም አዘጋጅቷል። ከባለሙያው የሚጠብቀው ምክር ሳይሆን የቀጠሮ ቀን ነው። ባለሙያውም ብዙ ጊዜ ቸርኬ ሻጭ ጭምር በመሆኑ፣ የተጠየቀውን ማድረግ ለሁለቱም ይቀላቸዋል። ይሁን እንጂ በዚያች አጭር ጊዜ የሚወሰነው ጉዳይ መኪናው ከመሬት ጋር የሚገናኝባቸውን አራት ቦታዎች የሚመለከት ስለሆነ፣ በፍሬንና በመሪ ላይ ከሚሠራ ሥራ ባላነሰ ጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ለመመልከት ቶዮታ ጂአር 86 የተባለው አነስተኛ የስፖርት አውቶሞቢል ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝብ የታየው ይህ መኪና ከሱባሩ ጋር በኅብረት የተሠራ፣ 2.4 ሊትር ቦክሰር ሞተር የተገጠመለትና ክብደቱ ወደ 1,280 ኪሎግራም የሚጠጋ ነው። ለምሳሌነት የሚያስመርጠውም ፋብሪካው ራሱ ያንኑ መኪና በሁለት ልክ ቸርኬ ማቅረቡ ነው። በአሜሪካ ገበያ በ2022 ሞዴል ዝቅተኛው ደረጃ በ17 ኢንች ቸርኬ ላይ 215/45 አር 17 ጎማ ለብሶ ሲወጣ፣ ከፍ ያለው ደረጃ በ18 ኢንች ቸርኬ ላይ 215/40 አር 18 ለብሶ ወጥቷል። ስለዚህ ሁለቱንም ነድቶ ማመዛዘን የሚቻል ይመስላል። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው።

ሁለቱን የነዳ ሰው ዘወትር የሚናገረው ባለ 18ቱ ኩርባ ላይ መሬት አጥብቆ እንደሚይዝና ለመሪው ፈጥኖ እንደሚታዘዝ ነው። ምስክርነቱ እውነት ነው፤ ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበው ግን ሐሰት ነው። ባለ 17ቱ ከፋብሪካ የወጣው ሚሽለን ፕራይመሲ በተባለ፣ ለጸጥታ፣ ለምቾትና ለረጅም ዕድሜ በተሠራ የጉዞ ጎማ ሲሆን፣ ባለ 18ቱ የወጣው ሚሽለን ፓይለት ስፖርት 4 በተባለ፣ በስፖርት ስልት ለሚነዳ መኪና በተሠራ ጎማ ነው። የሁለቱም ስፋት 215 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱን በይበልጥ ያመጣው እንግዲህ የላስቲኩ ቅመማና የጎማው አሠራር እንጂ የቸርኬው አንድ ኢንች አይደለም። ያንኑ ዓይነት የስፖርት ጎማ በ17 ኢንች ልክ ገዝቶ ያለበሰ ባለቤት፣ ቸርኬ ሳይለውጥ ከሚፈልገው ጥቅም አብዛኛውን ያገኛል።

የጉዞ ጎማው የተመረጠው ወጪ ለመቆጠብ ብቻ ነው ብሎ መፍረድም አይገባም። የመጀመሪያውን 86 የሠሩት ዋና መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳ መኪናውን ያለ ተርቦና ያለ አራት ጎማ ጉተታ፣ እንዲሁም መሬት እጅግ አጥብቆ የሚይዝ ጎማ ሳያለብሱ ለመሥራት አስበው እንደነበረ የታወቀ ነው። ዓላማቸው አሽከርካሪው የመኪናውን ጠባይና የመያዣውን ወሰን መለስተኛ በሆነ ፍጥነት እንዲያውቀው ነበር። ይህን ደስታ ፈልጎ የገዛ ሰው ጎማውን ሲያሻሽል ከዚያ ደስታ ጥቂት እንደሚቀንስበት ቢነገረው መልካም ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። የጎማው ጎን ቁመት የሚገኘው ስፋቱን በመቶኛው በማባዛት ነው። በባለ 17ቱ 215 በ45 መቶኛ ተባዝቶ 96.75 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በባለ 18ቱ ደግሞ 86 ሚሊሜትር። ይህን በሁለት አባዝቶ በቸርኬው ዲያሜትር ላይ ሲደምሩት (አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው)፣ የሙሉው ጎማ ዲያሜትር በባለ 17ቱ 625.3፣ በባለ 18ቱ 629.2 ሚሊሜትር ይመጣል። ልዩነቱ ከመቶ 0.6 ብቻ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያውንም ሆነ የማርሹን ምጣኔ የሚያውክ አይደለም። ደንበኛው «ትንሽ ሰፋ ይበል» ብሎ 225/40 አር 18 ቢመርጥ ግን ዲያሜትሩ 637.2 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ከባለ 17ቱ ጋር ሲነጻጸር ወደ 1.9 ከመቶ ይበልጣል፤ ቀድሞ 100 ኪሎሜትር ያሳይ የነበረው መለኪያ ያንኑ 100 ሲያሳይ መኪናው ቀድሞ ከነበረው ፍጥነት ወደ ሁለት ኪሎሜትር ያህል ጨምሮ ይሄዳል ማለት ነው። በዚህ አኃዝ የሚያስፈራ ነገር ባይኖርም፣ ለደንበኛው ሳይነገር መቅረት የለበትም።

(ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ዲያሜትሩ በኢንች መለካቱ ለተማሪ ሁሉ ግራ እንደሆነ ኖሯል። ሚሽለን በ1970ዎቹ ዓመታት ቲአርኤክስ በተባለው ጎማው ቸርኬንም በሚሊሜትር ለመለካት ሞክሮ፣ 390 ሚሊሜትርና የመሳሰሉትን ልኮች አውጥቶ ነበር፤ ገበያው ግን አልተከተለውም። ቸርኬ፣ ጎሚስታ፣ ኩሽኔታና ፓራፋንጎ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያንኛ ለወረሰ ሙያ ይህ ድብልቅልቅ እንግዳ አይመስልም።)

ከአኃዞቹ ሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የጎማው ጎን ነው። ከ96.75 ወደ 86 መውረድ በዓይን ሲታይ የጣት ውፍረት አይሞላም፤ በመቶኛ ሲሰላ ግን 11 ከመቶ ነው። ጎማ ከሞላና ከሾክ አብዞርበር በፊት የመንገዱን ምት የሚቀበል የመጀመሪያው ሞላ ነው። ጎኑ ባጠረ መጠን ለመሪው ፈጥኖ ይመልሳል፤ ያም እውነተኛ ጥቅም ነው። በአንጻሩ ስለታም ጠርዝ ያለው ጉድጓድ ሲያጋጥም፣ ላስቲኩ በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው ከንፈር መካከል ተጨፍልቆ በጎኑ ውስጥ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ። ምልክቱ በጎማው ጎን ላይ የሚታይ እባጭ ነው። ያበጠ ጎማ አይጠገንም፤ ይጣላል። ቸርኬውም ከተጣመመ ወይም ከተሰነጠቀ ወጪው እጥፍ ይሆናል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚሠሩ ባልደረቦች የክረምቱ ቅዝቃዜ ባለፈ ጊዜ፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ በርዶና ቀልጦ አስፋልቱን ሲፈነቅለው፣ ይህን ዓይነቱን ጉዳት በየሳምንቱ ያዩታል። ለእንዲህ ያለው መንገድ 17 ኢንች ይሻላል።

ስለ ክብደት የሚነገረው ግን ከልክ አልፏል። ትልቅ ቸርኬ መኪናውን «ይገድለዋል» የሚሉ አሉ። እያንዳንዱ አዲስ ቸርኬ በሁለት ኪሎግራም ቢከብድ በአራቱ ስምንት ኪሎግራም ይሆናል። በቸርኬው ዳር ያለ ክብደት ወደፊት ከመሄዱ በላይ ስለሚሽከረከር፣ ለማፍጠን ሲሆን አንዱ ኪሎ እንደ አንድ ተኩል ያህል ይቆጠራል። ጠቅላላው እንግዲህ እንደ 12 ኪሎግራም ጭነት ነው፤ በ1,280 ኪሎግራም መኪና ላይ ከመቶ አንድ አይሞላም። ሞተሩ ይህን አያውቀውም ማለት ይቻላል። የሚያውቀው ሞላው ነው፤ ምክንያቱም ቸርኬው፣ ጎማውና ፍሬኑ ከሞላ በታች ያለ ክብደት ስለሆኑ፣ በዚህ ትንሽ ክፍል ላይ የተጨመረ ሁለት ኪሎ በሻካራ መንገድ ላይ ጎማው መሬቱን ተከትሎ እንዳይወርድ ያዘገየዋል። ስለዚህ በርካሽ ዋጋ የተገዛ፣ ቀልጦ የተፈሰሰ ከባድ 18 ኢንች፣ በመልኩ ካልሆነ በቀር፣ ከፋብሪካው 17 የሚሻልበት ነገር የለውም። ተቀጥቅጦ የተሠራው ቸርኬ ለተመሳሳይ ጥንካሬ ይቀላል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

18 ኢንች በእርግጥ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። መኪናውን በእሽቅድምድም ሜዳ የሚያመላልስ ሰው ትልቅ የፍሬን ዲስክና ካሊፐር ካስገጠመ፣ በ17 ውስጥ አልበቃ ሊለው ይችላል። ቸርኬ በዘመናት ያደገበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ በ1976 የወጣው የመጀመሪያው ጎልፍ ጂቲአይ በ13 ኢንች ቸርኬ ይሄድ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት መልክ ነው፤ መልክን መውደድም ነውር አይደለም፤ ደንበኛው ለመልክ እንደሚከፍል ዐውቆ ከከፈለ።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ አደጋ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከኢንቹ ሳይሆን ከአገጣጠሙ ነው። ለምሳሌ የአንድ ባለ 17 ቸርኬ ስፋቱ 7 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 48 ሚሊሜትር ነው እንበል። በምትኩ 8.5 ኢንች ስፋትና 35 ኦፍሴት ያለው ቸርኬ ቢገባ፣ ወደ ውጭ 32 ሚሊሜትር፣ ወደ ውስጥ 6 ሚሊሜትር ይገፋል። የውጭው ጠርዝ ፓራፋንጎውን መንካቱ ይቅርና፣ ኩሽኔታው የሚሸከመው ጫና ይለወጣል፤ መሪውም በየስንጥቁ ይጎተታል። በጂአር 86 የቡሎኖቹ አቀማመጥ አምስት በ100፣ የመሐሉ ቀዳዳ 56.1 ሚሊሜትር ነው፤ የአዲሱ ቸርኬ ቀዳዳ ከዚህ የሰፋ ከሆነ ማእከሉን የሚያስተካክል ቀለበት ሳይገባ መታሰር የለበትም። ጎማውም ቢሆን የጭነት ቁጥሩ ከፋብሪካው ማነስ የለበትም፤ 87 የተጻፈበት ጎማ 545 ኪሎግራም ሲሸከም፣ 85 የተጻፈበት 515 ይሸከማል። ባትሪያቸው ለሚከብድ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በሚሠሩ የአዲስ አበባ ጎሚስታዎች ዘንድ ይህ ቁጥር ከኢንቹ በፊት ሊነበብ ይገባዋል።

አንድ ጉዳይ በተለይ የቶዮታ ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች ያሳስታል። ይህ መኪና ስሙ ቶዮታ ይሁን እንጂ የተሠራው በሱባሩ ፋብሪካ ስለሆነ፣ ዳዶው 12 ሚሊሜትር በ1.25 ነው። ከሌሎች ቶዮታዎች የተለመደው በ1.5 የሆነው ዳዶ ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ገብቶ ይቆማል። በዚያን ጊዜ ቁልፍ አንሥቶ በኃይል ያጠበቀ ሰው የቡሎኑን ጥርስ ይፈጫል፤ ቸርኬውም የታሰረ መስሎ ይወጣል። ዳዶ ሁሉ እስከ መጨረሻው በጣት መግባት አለበት፤ በኮከብ ቅደም ተከተል በቶርክ ቁልፍ ይጠብቃል፤ መኪናውም ከ80 እስከ 100 ኪሎሜትር ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጥቶ እንደገና ይፈተሻል። የዚያ ቀጠሮ ቀን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ።