ስለ ሞንታርቦ ዋትና ስለ አምፕሊፋየር ምርጫ



በሐረር ሸዋ በር አካባቢ ለሠርግ ሞንታርቦ የሚከራይ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። (ሞንታርቦ የአንድ የኢጣልያ ፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ግን ለዕቃው ሁሉ መጠሪያ አደረግነው።) ከጀርባው 1000 ዋት ተብሎ የተጻፈው ለቅጽበት የሚችለው ጣሪያ ነው፤ በተለመደው የፋብሪካዎች አጻጻፍ ለሰዓታት የሚሸከመው ሩቡን፣ 250 ዋት ነው።

ዋትም ቢሆን የድምፅ መለኪያ አይደለም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለ ሆነ፣ በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 98 ዴሲቤል የሚሰጠው ሞንታርቦ 95 ከሚሰጠው ጋር በግማሽ ኃይል ይስተካከላል። ይህን ቁጥር ግን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው።

ባለ 8 ኦም ሁለቱ በትይዩ ቢገናኙ 4 ኦም፣ አራቱ ቢገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ለ2 ኦም ያልተሠራ አምፕሊፋየር በዚህ ጊዜ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል።

ደካማ አምፕሊፋየር ሞንታርቦን አይጎዳም የሚሉ ተሳስተዋል። ሠርገኛው «ጨምር!» ባለ ቁጥር የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውም ሞገድ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን እስፒከር ያቃጥለዋል። በአከራዩ ዘንድ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እኔ ለ250 ዋቱ የ400 ዋት አምፕሊፋየር እመርጣለሁ፤ የድምፁን ቁልፍ ግን የሙሽራው ዘመድ ሳይሆን አከራዩ ራሱ ይያዝ።