ሙያ «ነበረኝ» አይባልም
(በካኩማ የእንጨት ሥራ ሥልጠና ማጠቃለያ ዕለት በመምህራን ስም የተደረገ ንግግር)



የተሰጠን ጊዜ አጭር ስለሆነ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። አንድ ባለሙያ ወደ ሌላ ሙያ ሲሻገር ምን ይዞ ይሻገራል? ጥያቄው ሁላችንንም ይመለከታል። ከመካከላችን ሾፌር፣ ግንበኛ፣ ሸማኔ፣ ኤሌክትሪሺያን የነበረ አለ። ስለ ሥራችን ስንጠየቅ ግን ሁልጊዜ መልሳችን «ነበርኩ» ነው። ስደት አገርን ብቻ ሳይሆን ሙያንም ያስጥላል ብለን አምነን የተቀመጥን ብዙዎች ነን። እኛ መምህራኑ ግን በዚህ አንስማማም።

ምስክራችን ሠልጣኞቹ «ጋሼ» የሚሏቸው ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም። ድሬዳዋ ያደጉ መካኒክ ናቸው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የባቡሩ ጋራዥ ለብዙ ትውልድ የሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። ከውጭ አገር የማይገኝ መለዋወጫ እዚያው በቶርኖ ተቀርጾ ይሠራ ነበር። ጋሼም የዚያች ከተማ ልጅ ስለሆኑ «ሰው የሠራውን ሰው ይጠግነዋል» ይላሉ።

እንጨት ሥራ ሊማሩ የመጡት ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ተቸግረው ነበር። እንጨቱን እንደ ብረት እየለኩ መጋጠሚያውን ያለ ምንም ክፍተት ይገጥሙታል፤ ሲያዩትም እጅግ ያምር ነበር። ነገር ግን ከደጋ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ገና እርጥብ ስለነበረ በካኩማ ሙቀት ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ተኮማተረ፤ በርጩማውም መወዛወዝ ጀመረ። ብረት ትናንት የለኩትን ልክ ዛሬም ይሰጣል፤ እንጨት ግን ከተቆረጠም በኋላ ይንቀሳቀሳል። በርዝመቱ የሚያጥረው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በጎኑ ግን በእርግጥ ይጠብባል። ስለዚህ ጣውላ ተገዝቶ እንደ መጣ አይገጣጠምም። በጥላ ሥር፣ አየር እንዲያገኘው በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ መሰንበት አለበት። በአካባቢያችን የሞላው፣ ኬንያውያን ማቴንጌ የሚሉት እሾሃም ዛፍ ግን ሲደርቅ እምብዛም አይኮማተርም። አጭርና ጠማማ ቢሆንም ለበርጩማና ለመሣሪያ እጀታ ጥሩ ነው። ይህንንም ከአገሬው ሰው በስምምነት እንግዛ እንጂ ያለ ፈቃድ አንቁረጥ።

ጋሼ «ይህ ሥራ የኔ አይደለም» ብለው ሊተዉት በተቃረቡበት ሰሞን፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ለብዙ ዓመት ዝናብና አቧራ የተፈራረቀበት አንድ ፒያላ ነበር። ዘንጉ በዝገት ተይዞ አይዞርም። ቁርጥራጭ ብረት ገዢ መጥቶ በኪሎ ሊወስደው ዋጋ ሰጥቶ ነበር። ጋሼ ዙሪያውን ዞረው አዩትና «ይህ አልሞተም፤ ታሞ ነው» አሉ። ገበታው በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ወፍራም ብረት ነው። ክብደቱ ንዝረትን ስለሚውጥ ጣውላው ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ዝገቱም ከላይ እንጂ ከውስጥ አልነበረም።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። እናንተም ነገ የምትፈልጉት ስለሆነ ቅደም ተከተሉን እንናገር። በመጀመሪያ ምንም ሳይፈታ ማሽኑ በደብተር ላይ ተሣለ። የተፈታው ቡሎንና ዳዶ ሁሉ በየቆርቆሮው ገብቶ ምልክት ተጻፈበት። አልፈታም ያለው ቡሎን በናፍታ እየራሰ ቀናት ጠበቀ። ወጣቶቹ በመዶሻ ሊመቱት ሲሉ ጋሼ የከለከሉበት ምክንያት ነበራቸው፤ እንዲህ ያለ ብረት ሲመታ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ነው። ገበታው በላምባና በብርጭቆ ወረቀት ከጸዳ በኋላ ሰም ተቀባ፤ ሰም ዝገትን ይከላከላል፣ ጣውላውንም ያንሸራትታል። አሮጌው ቀለም ግን በደረቁ አልተፋቀም። በዱሮ ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባል መርዝ ሊኖር ስለሚችል እየረጠበ ተፋቀ፤ ፍቅፋቂውም ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ተደረገ።

ቀጥሎ ኩሽኔታው መጣ። በጎኑ ላይ 6205 የሚል ቁጥር ተገኘ። እዚህ ላይ የሒሳብ ክፍላችን ሥራ አገኘ። እንዲህ ባለው ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 04 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ በ5 ይባዛሉ፤ ውጤቱ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 5 ጊዜ 5፣ 25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ዘንጉን ለኩት፤ ልክ 25 ሆነ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ኪታሌ ለሚሄድ ሰው መስጠት ብቻ በቂ ሆነ። «የሒሳብ ትምህርት ምን ያደርግልናል?» እያሉ ሲጠይቁን የነበሩ ተማሪዎች ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠየቁንም።

ትልቁ ነገር ግን ሞተሩ ነው። የማሽኑ የራሱ ሞተር ሦስት ፌዝ ስለሚፈልግ በነጠላ ፌዝ የሚሠራ ሌላ ሞተር ተገኘ። የዱሮው በደቂቃ 1440 ጊዜ ይዞራል፤ የተገኘው 2880 ጊዜ። በሞተሩ በኩል ያለው የቺንጋ ፑሊ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ስለቱን በሚሸከመው ዘንግ ላይ ያለው 8 ሴንቲ ሜትር ነው። 1440 በ20 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል 3600 ዙር ይሆናል። አዲሱ ሞተር በዚያው ፑሊ ቢገጠም ኖሮ ስለቱ 7200 ጊዜ ይዞር ነበር። ለዚያ ፍጥነት ያልተሠራ ዘንግ ስለቱን አሽቀንጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የሞተሩ ፑሊ በ10 ሴንቲ ሜትር ተለወጠና ፍጥነቱ ወደ 3600 ተመለሰ። አንድ መስመር ሒሳብ የሰው ሕይወት ያድናል ስንል ማጋነናችን አይደለም።

አሮጌ ማሽን ሁሉ መነሣት አለበት ማለታችንም አይደለም። በጣም የቆዩ ፒያላዎች ስለት ተሸካሚያቸው አራት ማዕዘን ነው። ከገበታው ጋር የሚተወው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ጣት ከገባ እጅን ይስባል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1922 በወጣው ደንብ ጣውላ በእጅ የሚገፋበት ፒያላ ስለት ተሸካሚው ክብ እንዲሆን ግዴታ ሆኗል። የእኛው ክብ ነው፤ ባይሆን ኖሮ በኪሎ ይሸጥ ብለን የምንፈርደው እኛው በሆንን ነበር። ሲሠራም መከለያው አይነሣም፤ ጓንት፣ ነጠላና ሰፊ እጅጌ ወደ ማሽኑ አይቀርቡም፤ አጭር እንጨት በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ይገፋል።

ማሽኑ በተነሣበት ቀን ጋሼ መጀመሪያ ባዶውን አዞሩት፤ ማንም ሰው ከፊቱ እንዳይቆም አድርገው በጆሯቸው ብቻ አዳመጡት። እንጨት ያስተማሯቸው ወጣቶች ብረት ማዳመጥን ከእሳቸው ተማሩ። በርጩማቸውን ለማየት የሚፈልግ ከዚህ አዳራሽ በስተግራ ካለው ጠረጴዛ ሥር ያገኘዋል፤ አሁን አይወዛወዝም።

ወገኖቻችን፣ መልሳችን ይኸው ነው። ጋሼ ወደ እንጨት የተሻገሩት ባዶ እጃቸውን አይደለም። ትዕግሥታቸውን፣ ልኬታቸውን፣ ጆሯቸውን ይዘው ነው። ግንበኛ ውኃ ልኩን፣ ሸማኔ የጣቱን ስሜት፣ ልብስ ሰፊ ቁርጥን ይዞ ይመጣል። የጎደለውን ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው። ራሽን በተቀነሰበት በ2025 እንዳየነው፣ ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ከእጃችን ውጭ ባለ ምክንያት ሊቀንስ ይችላል። ሙያ ግን ከሰው ጋር ይዞራል፤ ወደ ሦስተኛ አገር ለሚሄደውም፣ ወደ አገሩ ለሚመለሰውም፣ እዚሁ ለሚቆየውም ያገለግላል።

ከመጋዘኑ ጀርባ አሁንም አንድ ማሽን ቀርቷል፤ እንደ ቀበቶ የሚዞር ስለት ያለው ትልቅ መጋዝ ነው። ብረት ገዢው ተመልሶ እንደሚመጣ ሰምተናል። ማሽኑን የሚያቆየው ጥያቄያችን ብቻ አይደለም፤ የሚሠራበት ሰው ቁጥር ነው። ቅዳሜ ጠዋት መዝገብ ይከፈታል። እኅቶቻችንም እንድትመዘገቡ አደራ እንላለን፤ ለማሽኑ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ እንጂ ጉልበት አይደለም። በመዝገቡ ላይ «ሙያ» የሚል ዓምድ አለ። እዚያ ላይ «ነበርኩ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ነኝ» በሉ።